ፊትም ጀርባም የሌለው አዳራሽ

እኔ ማዕዘን የሌለውን ነገር አላምነውም። ሙያዬ ያመጣብኝ ጣጣ ይሆናል። ሠላሳ ዓመት ልብስ ሰፍቻለሁ። ጨርቅ ሲሰጠኝ መጀመሪያ የምፈልገው ጥጉን ነው። ጥጉን ከያዝኩ ፊቱን ከጀርባው እለያለሁ፤ ከዚያ ወዲያ የመቀስ ጉዳይ ነው። ክብ ነገር ግን ከየት ተይዞ ከየት ይጀመራል? እስቲ እናንተው ንገሩኝ።

ይኼን ያነሣሁት ያለ ምክንያት አይደለም። አዳማችን አዲስ የቲያትር አዳራሽ ተሠርቶላታል። ያላያችሁት ካላችሁ ባጃጅ ያዙና "ሰፌዱ ጋ" በሉ፤ ሾፌሩ ሌላ አይጠይቃችሁም። ግድግዳ የለውም። ማለቴ አለው፣ ግን ግድግዳው ጣሪያው ራሱ ነው። ከላይ ጀምሮ እንደ ሽንሽን ቀሚስ እየተጣጠፈ መሬት ድረስ ይወርዳል። መስኮቶቹ የቁልፍ ቀዳዳ ያህላሉ። ባለጋሪዎቹ "ኤሊው" ይሉታል። ባለቤቴ መሠረት ደግሞ መጀመሪያ ያየችው ቀን ቆም ብላ አስተዋለችውና፣ "ይኼን ሰውዬው ሳይተኩሰው ነው እንዴ ያስረከበው?" አለች። እኔን ለመንካት ነው፤ ገብቶኛል።

ጉዱ ግን ውስጡ ነው። መድረኩ መሃል ላይ፣ ወንበሩ ዙሪያውን። ንድፉን የሠራው ባለመነጽር ወጣት በርክክቡ ቀን መጥቶ አስረዳን። ይኼ አዳራሽ ፊትም ጀርባም የለውም አለን። ሁሉም ሰው እኩል ያያል፣ የበላይና የበታች የለም አለን። አጨበጨብን። እኩልነት ተብሎ የማያጨበጭብ ማን አለ? ተዋናዩ ጀርባውን የት ያደርገዋል ብሎ የጠየቀ ግን አንድም ሰው አልነበረም። እኔም አልጠየቅሁም፤ የሻይ ሰዓት ደርሶ ነበር።

መቼም የእኛን አገር የጀርባ ነገር ታውቁታላችሁ። ከኋላችን ሰው ተቀምጦ "ይቅርታ፣ ጀርባ ሰጠሁዎት" ሳንል እህል ውኃ አይወርድልንም። አንድ ጊዜ ወደ ቢሾፍቱ ስሄድ ሚኒባሱ ጋቢና ውስጥ አንዲት እናት ተቀምጠው ነበር። ዞር ብለው ከኋላ ያለነውን ሁሉ ይቅርታ ጠየቁ። "ኧረ ምንም አይደል እማማ" አልን። የመጀመሪያው ወንበር ላይ ያለው ሰውዬ ታዲያ፣ ለካ እኔም ጀርባ ሰጥቻለሁ ብሎ ወደ ኋላ ዞረ። ከእሱ ኋላ ያለውም ዞረ። ሞጆ እስክንደርስ ይቅርታው ወንበር በወንበር እየተላለፈ መጨረሻው ረድፍ ደረሰ። እዚያ የነበረው ጎረምሳ ዞሮ የሚያየው ሰው ቢያጣ ለመስታወቱ እጅ ነሣ። እኔ እኮ ይኼን በዓይኔ አይቻለሁ።

እንግዲህ ከዚህ ሕዝብ መሃል ተዋናይ ወጥቶ ክብ አዳራሽ ውስጥ ሲቆም አስቡት። ያ ተዋናይ ደግሞ እኔ ነኝ።

ከስፌቱ ሌላ ቲያትር እሠራለሁ። ተዋናይ ልብስ ሰፊ ወይስ ልብስ ሰፊ ተዋናይ መሆኔ ላይ ሁለቱም ወገን አልተስማሙም። ቡድናችን ትንሽ ናት። ጽሑፉንም ዝግጅቱንም የሚሠራው ዳዊት የሚባል የአማርኛ አስተማሪ ነው። የታወቅንበት አንድ ቲያትር አለን፤ ሃያ ዓመት ሙሉ አሳይተነዋል። እኔ ሀብታም ልጅ ነኝ። ድሃው አባቴ ዝናብ እየደበደባቸው ከገጠር ይመጣሉ። ቤቴ ውስጥ ትልልቅ እንግዶች አሉ። አፍርባቸዋለሁ። "ውጣ ከቤቴ! እኔ አባት የለኝም!" እላለሁ። በቃ፣ የእኔ ሥራ እዚህ ላይ አለቀ ማለት ነው። ከዚያ በኋላ ያለው አንድ ሰዓት ተኩል የአባትየው ነው። በየደጁ ይንከራተታሉ፣ ዓይናቸው ይጠፋል፣ መጨረሻ ላይ ብቻቸውን ቆመው አንድ ረጅም ለቅሶ ያለቅሳሉ። ያቺ ለቅሶ የቡድናችን ጌጥ ናት።

አባትየውን የሚሠሩት ጋሽ ደምሴ ናቸው። ድሮ ባቡር ላይ ትኬት ቆራጭ ነበሩ። የድሮው ባቡር ከቆመ ቆየ፤ እሳቸው ግን እስከ ዛሬ አልቆሙም። ሰባ ካለፋቸው በኋላም ጠዋት ጠዋት ከተማውን አንድ ዙር ዞረው ሱቄ ይመጣሉ፤ አግዳሚው ላይ ይቀመጣሉ፤ ይነሣሉ፤ ደጅ ወጥተው ኮረብታው ላይ የሚሽከረከሩትን የነፋስ ማማዎች ያያሉ፤ ተመልሰው ይቀመጣሉ። እኔም ብሆን የማርፍ ሰው አይደለሁም። ፔዳል ስረግጥ ስለኖርኩ አልጋ ላይ እንኳ እግሬ ይረግጣል፤ መሠረትን ጠይቋት። ሁለታችን አንድ ሱቅ ውስጥ ስንሆን ደንበኛው ራሱ ልቡ ይንጠለጠላል።

የድሮው አዳራሽ ባለ አራት ማዕዘን ቆርቆሮ ነበር። መድረክ በአንድ በኩል፣ ሕዝብ በአንድ በኩል፣ ሶፋው ለክብር እንግዶች ከፊት። እኛም ተሰልፈን ፊታችንን ለሕዝቡ ሰጥተን ነበር የምንናገረው። አባቴን ሳባርር አባቴን አላይም፤ የማየው ሶፋውን ነው። አንድ ጊዜ እንዲያውም እጄን ዘርግቼ "ውጣ!" ስል ሶፋው ላይ የነበሩ አንድ ኃላፊ ብድግ ብለው ወጡ። ምን አጠፋሁ ብለው ሦስት ቀን ሲያስጠይቁ ሰነበቱ አሉ። እኔ ምን ላድርግ?

ያ አዳራሽ ፈረሰ። መድረክ አልባ ሆነን ከረምን። በዚህ መሃል ነው ሰፌዱ የመጣው። ዳዊትና እኔ የአዳራሹ ኃላፊ ጋ ሄደን እሑድ እሑድ እንዲሰጠን ለመንን። ሰውዬው ክፉ አይደሉም። አንድ እሑድ እሰጣችኋለሁ አሉን። ሰው እስከ መጨረሻው ከቆየላችሁ እሑድ የእናንተ ይሁን፤ አቋርጦ ከወጣባችሁ ግን ለባዛር አከራየዋለሁ አሉ። ዳዊት ደስ አለው፤ እኔ ግን ፈራሁ። የአዳማ ሰው መቼ ተቀምጦ ያውቃል? ግማሹ ለስብሰባ የመጣ ነው፣ ግማሹ ወደ ጅቡቲ አላፊ ነው፣ የቀረነው ደግሞ ስልክ ተደወለልን ብለን የምንነሣ ነን። ሁለት ሰዓት ማን ይቀመጥልናል?

ጋሽ ደምሴ ግን ገና አዳራሹን ሳያዩ ጎመጁለት። ይዣቸው ገባሁ። መሃል መድረኩ ላይ ቆሙና "እህ!" አሉ። አዳራሹ ከዙሪያው "እህ!" አላቸው። ከዚያ ክንዴን ያዝ አድርገው፣ "አንተ ልጅ፣ ያቺን ለቅሶ እዚህ አንዴ ብቻ ልበላት። ከዚያ ወዲያ ቢወስደኝም ይውሰደኝ" አሉኝ። ዓይናቸው ውስጥ ያየሁትን ጉጉት ልነግራችሁ አልችልም። ለአንድ ወር እንቅልፍ አልነበራቸውም። እኔም ለእሳቸው ስል ፈራሁ።

ልምምዱ አላስቸገረንም። ባዶ ወንበር ጀርባ ቢሰጡት አይቀየም። መከራው የመጣው እሑድ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ ነው።

ሰው ጢም ብሎ መጣ፤ ቲያትሩን ሳይሆን የኤሊውን ሆድ ለማየት። የክብር እንግዶቹ ከፊት ለመቀመጥ ፊቱን ፈለጉ። ፊት ደግሞ የለም። ሁለት ዙር ዞሩ። ባለፉበት ሁሉ ሰው ለአክብሮት ይነሣል፣ ሲያልፉ ይቀመጣል፣ ተመልሰው ሲመጡ ደግሞ ይነሣል። ሦስተኛው ዙር ላይ እንግዶቹ ራሳቸው ደከማቸውና ያገኙት ላይ ተቀመጡ። ከሱቄ ፊት ለፊት ጨርቅ የሚሸጡት ሐጂ ከድር በዚህ በኩል፣ ነጠላ የለበሱ እናቶች በዚያ በኩል፣ ጋቢያቸውን የደረቡት ኦቦ ቱሉ ደግሞ በወዲያ በኩል። ሽማግሌ የሌለበት አቅጣጫ ጠፋ!

መጀመሪያ የገባችው የቤት ሠራተኛ ሆና የምትሠራው ልጅ ናት፤ ብርጭቆ የተደረደረበት ትሪ ይዛለች። ሁለት እርምጃ እንደሄደች ጀርባዋን ለሐጂ መስጠቷ ታወቃት። "ይቅርታ አባባ" ብላ ዞረች። ሐጂም ጮክ ብለው፣ "ኧረ ምንም አይደል ልጄ፣ ሥራሽን ሥሪ!" አሉ። ስትዞር ግን እናቶቹ ጀርባዋ ላይ ሆኑ። "ይቅርታ እማማ።" ከዚያ ኦቦ ቱሉ። ከዚያ የክብር እንግዶቹ። ልጅቷ ከነትሪዋ እንደ እንዝርት ሾረች። እኛ ገብተን እናድናት ብንል እኛም ያው የሰው ልጆች ነን፤ ጀርባ አለን። እኔ ይቅርታ ስል፣ እንግዶቼ ይቅርታ ሲሉ፣ ሕዝቡ "ምንም አይደል" ሲል፣ ቲያትሩ ገና አንድ ቃል አልተነገረም።

በመጨረሻ ዘዴ መጣልን። አምስታችን መሃል መድረኩ ላይ ጀርባ ለጀርባ ተጠጋግተን ቆምን። አሁን ጀርባችንን ለራሳችን እንጂ ለማንም አልሰጠንም። ሰው አልተነካም። ችግሩ፣ እኛም አልተያየንም። እኔ "እንኳን ደህና መጣችሁ" እያልኩ የምቀበለው ኦቦ ቱሉን ነው። አንዱ እንግዳዬ መጠጥ የሚቀዳው ለአየር ነው። ሕዝቡ በወንበሩ መቁነጥነጥ ጀመረ። አንዱ ስልኩን አየ። አንዱ ከተቀመጠበት ግማሽ ተነሣ። እሑዳችን ከእጃችን ስትወጣ ታየችኝ።

ያን ጊዜ ጋሽ ደምሴ ገቡ።

በሕዝቡ መሃል ነው የመጡት። ለዝናቡ ብለን ውኃ ደፍተንባቸዋል። ሰው ሠራሽ ጥርሳቸውን አውልቀዋል። የማንንም ጀርባና ፊት አላዩም፤ ቀጥ ብለው መጥተው ከፊቴ አንድ ክንድ ላይ ቆሙና "ልጄ" አሉ።

ሃያ ዓመት ሙሉ "ልጄ" ብለውኛል፤ አንድ ቀን ግን ፊታቸውን አይቼው አላውቅም ነበር። ሶፋ ሳይ ነዋ የኖርኩት! አሁን ሶፋ የለም። እሳቸው ብቻ ናቸው። ከንፈራቸው ይንቀጠቀጣል፣ ውኃው ከጢማቸው ላይ ይንጠባጠባል፣ እንባቸው ደግሞ የእውነት ነው። ይኼን ሁሉ ዘመን ከጎኔ ቆመው የእውነት ሲያለቅሱ ኖረዋል? "ውጣ" የሚለው ቃል ጉሮሮዬ ድረስ መጣ። ግን እንዴት ብዬ? እንዲህ ያሉ ሽማግሌ፣ እርጥብ ልብስ ለብሰው፣ በአንተታ? አፍ ሲከዳ ከሎሌ ይብሳል ያሉት እውነት ነው።

"ይግቡ አባባ" አልኩ። "ብርድ ነው። ቤት የእግዜር ነው።"

ጋሽ ደምሴ ፈዘው አዩኝ። ጥርስ በሌለው አፋቸው፣ "ምን ነካህ? ውጣ በለኝ!" ብለው አንሾካሾኩ። እኔ ግን ከጀመርኩ ማን ይመልሰኛል? ኮቴን አውልቄ ደረብኩላቸው። የራሴን ወንበር ስቤ አስቀመጥኳቸው።

አዳራሹ ተናወጠ። እልልታው ከየት ተነሥቶ የት እንደደረሰ አልታወቀም። አንዲት እናት "የወለደችህ ማሕፀን ትባረክ!" አሉ። ሐጂ ከድር እጃቸውን ዘርግተው ዱዓ ጀመሩ። ኦቦ ቱሉ መድረክ ድረስ መጥተው ግንባሬን ሳሙኝ። ልጅ አባቱን ተቀበለ፣ እግዜር ይመስገን፣ ከዚህ በላይ ምን ታሪክ አለ? ሰው ሁሉ ተነሥቶ አጨብጭቦ፣ ተመራርቆ፣ ተሳስሞ ተበተነ። ዳዊት የቀሩትን ገጾች እንደታቀፈ መግቢያው ላይ ቆሞ ነበር። ፊቱን ባላየሁት ይሻለኝ ነበር።

በማግሥቱ ኃላፊው ጠሩን። ቃሌን አላጥፍም አሉ። ሰው እስከ መጨረሻው ቆይቷል፤ አንድም አቋርጦ የወጣ የለም። ስለዚህ እሑድ የእናንተ ነው። ዳዊት ሊያቅፋቸው ሲነሣ ግን ሰዓታቸውን አየት አደረጉ። "ሃያ ደቂቃ ነው የፈጀባችሁ። እንግዲህ ከስምንት ሰዓት እስከ ስምንት ከሃያ ያዙት፤ የቀረውን ለባዛር እሰጣለሁ" አሉን።

ከተማው አወደሰኝ። በሄድኩበት ሁሉ "ያ ደጉ ልጅ!" እባላለሁ። ሱሪ ለማሳጠር የመጣው ሁሉ መርቆኝ ይሄዳል። ጋሽ ደምሴ ብቻ ቀሩ። አንድ ቀን፣ ሁለት ቀን፣ ሦስት ቀን ሱቄ አልመጡም። በአራተኛው ቀን ቤታቸው ሄድኩ። በር ላይ አገኙኝ፤ ግባ አላሉኝም።

"ጋሽ ደምሴ፣ አሳዘኑኝ እኮ" አልኳቸው።

"ማን እዘንልኝ አለህ?" አሉ። "ወር ሙሉ ያልተኛሁት አንተ ወንበር ላይ እንድታስቀምጠኝ ነው? ይግቡ ካልከኝ በኋላ የምናገረው ምን አለኝ? አንድ ቃል አለኝ? ካላባረርከኝ እኔ ማን ነኝ? የተናገሩት ከሚጠፋ የወለዱት ይጥፋ! አንተ ደግሞ ገና ያልተናገርኩትን አጠፋህብኝ።" ድምፃቸው ተሰበረ። በመድረኩ ላይ ካየሁት ይልቅ ይኼኛው አንጀቴን በላው። ምግባሬ ተመስግኖ ሰውዬውን መበደሌ ነው። ልጃችሁን ተዋናይ ልታደርጉ ያሰባችሁ ካላችሁ፣ እባካችሁ በጨዋ ደንብ አታሳድጉት።

ታረቅን። የታረቅንበት ቃል ግን ከባድ ነበር። ለሚመጣው እሑድ በመጀመሪያዋ ደቂቃ ላስወጣቸው፤ በቀረችው እሳቸው ቢያንስ ለቅሷቸውን ሊሉ። ለዚህ ደግሞ ፊት ለፊት እያየኋቸው መጨከን መለማመድ አለብኝ።

ሱቄ ውስጥ ጀመርን። ጥርሳቸውን አውልቀው በበሩ ይገባሉ፤ "ልጄ" ይላሉ፤ እኔ "ውጣ" እላለሁ። መጀመሪያ ቀን ድምፄ አልወጣ አለ። "ይኼ ውጣ ነው ወይስ ቁርስ በላህ ወይ ነው?" አሉኝ። በሁለተኛው ቀን ሻል አልኩ። በሦስተኛው ቀን ጮህኩ። "ውጣ ከቤቴ! እኔ አባት የለኝም!" ጋሽ ደምሴ ደስ ብሏቸው፣ "እንደሱ! አሁን ገፋ አድርገኝ!" አሉ። ገፋኋቸው። እግሬ ሥር ፔዳሉን ሳይቀር ረገጥኩት። እንደዚያ ቀን ጨክኜ አላውቅም።

ከአያያዝ ይቀደዳል፣ ከአነጋገር ይፈረዳል ይባላል። የሱቄ በር ክፍት መሆኑን ረስቼዋለሁ። ቀና ስል ሐጂ ከድርና ኦቦ ቱሉ ደጃፉ ላይ ቆመዋል። ከኋላቸው ግማሽ ሰፈር አለ።

"አካም ኦልተኒ" አሉ ኦቦ ቱሉ፤ ሰላምታው ለጋሽ ደምሴ ነው እንጂ ለእኔ አይደለም። ገብተው አግዳሚው ላይ ተቀመጡ። ሐጂ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

"አንተ ልጅ" አሉኝ፣ "ባለፈው እሑድ ሕዝብ ሲያይህ 'አባባ ይግቡ' ብለህ አስለቀስከን። ዱዓ አደረግንልህ። ለካስ ብቻህን ስትሆን ሽማግሌ ትገፈትራለህ? ያ ሁሉ ማስመሰል ነው?"

"የለም ሐጂ!" አልኩ። "እውነቱ ያኛው ነው። ቲያትሩ ይኼኛው ነው።"

"ያ ረቢ!" አሉ ኦቦ ቱሉ። "መድረክ ላይ ያደረግኸው እውነት ሆኖ፣ ሱቅህ ውስጥ ያደረግኸው ቲያትር?"

እንዴት ላስረዳ? እውነቴን ነው እኮ። ግን ለራሴ ጆሮ እንኳ ውሸት ሆነብኝ። ይመስክሩልኝ ብዬ ወደ ጋሽ ደምሴ ዞርኩ።

ጋሽ ደምሴ ግን እኔን አያዩም። የሚያዩት አግዳሚውን ነው። ሁለት የተከበሩ ሽማግሌዎች ከፊት ተቀምጠዋል። ሰፈሩ ከበሩ ላይ ተደራርቦ ቆሟል። ሁሉም በአንድ በኩል፣ ሁሉም ፊቱን ወደ እሳቸው። ከኋላቸው ግድግዳ ነው። ቀስ ብለው ጀርባቸውን ቀና አደረጉ። ገባኝ፤ ግን ዘግይቼ ነው። "ጋሽ ደምሴ፣ እባክዎ..." ከማለቴ፣ "ልጅ ነበረኝ..." ብለው ጀመሩ።

ከዚያ በኋላ ያቆማቸው የለም። የመንከራተቱን አሉት፣ የደጁን አሉት፣ ዓይን የጠፋበትን አሉት። መንገዱ ላይ አንድ ባጃጅ ሞተሩን አጠፋ። ስልክ ጮኸ፣ ማንም አላነሣውም። አንድም ሰው ከቦታው አልተነቃነቀም፤ የእኔም እግር በዕድሜው ለመጀመሪያ ጊዜ አረፈ። ለቅሶዋ ላይ ሲደርሱ ሐጂ በጥምጣማቸው ጫፍ ዓይናቸውን ጠረጉ። እኔም አለቀስኩ፤ ምን ልደብቃችሁ። ሃያ ዓመት የሰማሁት ቃል ነው፤ እንደዚያ ቀን ግን ተብሎ አያውቅም።

ኦቦ ቱሉ አልቻሉም፤ ዱላቸውን መሬት መትተው ተነሡ። "በቃ! ተነሥ! ጉልበታቸውን ስመህ ይቅርታ ጠይቅ!" አሉኝ። ሰፈሩም "ጠይቅ!" አለ። ምን አማራጭ አለኝ? መለኪያ ሜትሬ አንገቴ ላይ እንደተንጠለጠለ ሮጬ ሄጄ ተደፋሁ። ጉልበታቸው ላይ ከመድረሴ ጋሽ ደምሴ ኮሌታዬን ጨምድደው ያዙኝ፤ ጎንበስ ብለውም በጆሮዬ፣

"ቀስ በል፤ ገና ሦስት መስመር ይቀረኛል" አሉኝ።